የእጅጌ ልክ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፤
ሰው አፉን ቢዘጋም፣ ጨርቅ ይናገራል የለበሱትን ቀን።

ሲፈን መጀመሪያ የመጣች ለት ግንቦት አጋማሽ ነው፤
አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፣ የጋሪ ፈረስ ከሣር ይልቅ ጥላ ነው የሚያምረው።
"እጅጌው ረዘም ይበል" አለች፣ "እስከ አንጓዬ፤ አንገቱም ይዘጋ።"
"በአዳማ ሙቀት?" አልኳት፣ ጨርቁን ስዘረጋ።
"ፀሐይ አይስማማኝም" አለች፣ ከእኔ ቀድማ ስቃ።
ሰፋሁላት። ሜትር የሰው ገመና አይለካ።

በሐምሌ ደግሞ መጣች፣ ሦስት ቁልፍ ልታስተክል።
ቁልፍ ሲያረጅ ክሩ ይሳሳል፣ ይንጠለጠላል፣ ይወድቃል ቀስ ብሎ፤
የእሷ ግን የጨርቁን ሥጋ ይዞ ነው የወጣው ተገንጥሎ።
"በር ይዞብኝ ነው" አለች፤ "ነፋሱን ታውቂው የለ።"
አውቀዋለሁ። እዚህ ከተማ በነፋስ ያልተሳበበ ምን አለ?
ሰሃን ሲሰበር ነፋስ፣ በር ሲላተም ነፋስ፣ ዓይን ሲቀላ አቧራ፤
ከጋራው ላይ ነጫጭ መዘውሮች ይዞራሉ፣
ምስክር ይመስል፣ በተራ።

ባሏን ማን ይጠላል? የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፤
ሐዘን ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ ገመድ የሚስበው።
አንድ ቀን ሒሳቧን ከፈለ፣ መልሱንም "ተይው" አለ፤
"አሳምረሽ ስፊላት።"
እሷ ወለሉን አየች።
እኔ በሆዴ ቀናሁ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ቀናሁ።

የገባኝ በልጇ ነው፣ በኦብሳ።
ፋርማሲ ደርሳ እስክትመለስ ልጆቹን እኔ ጋ ትታ፣
"ዩኒፎርሙን እይልኝ" ብላኝ ሄደች።
የእኩዮቹ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ያልቃል፣ በኳስ፣ በትግል አበሳ፤
የእሱ ጉልበት እንደ አዲስ ነው። ያለቀው ኮሌታው፣
ሌሊት ሌሊት ጥርሱ ሲያኝከው፣ ሲያኝከው።
ትንሿ እህቱ ታለቅሳለች። በመንገዱ ሞተር ሳይክል አለፈ፤
ልቅሶዋ ቀጥ አለ፣ እንደተዘጋ ቧንቧ።
"የአባዬ አይደለም" አላት ልጁ፣
ድምፁን ለይቶ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ በእርጋታ።

እግሬ ከመኪናው ፔዳል ላይ ቆመ።
እኔም ልጅ ሆኜ የቁልፍ ድምፅ እቆጥር ነበር፤
አንዴ ከዞረ ደህና ነው፣ ሦስቴ ከዞረ ከአልጋው ሥር።
ያኔ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ ከፍ ይል ነበር።
ዛሬ ጎረቤቷ እኔ ነኝ፤
የሚጮኸውም የእኔ የስፌት መኪና።

በመስከረም ስትመጣ የሱቁን በር ዘጋሁት።
ክንዷን ልለካ ሜትሬን ሳነሳ
ፊቷን በክርኗ ከለለች።
ሁለታችንም ቆምን። ሜትሩ በመሃላችን ተንጠለጠለ።
"ነፋስ አይደለም" አልኳት።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል፣ ሁለት ጊዜ ጉልበቱን ስማለች።
እናቷ "ቻይው" ብላታለች፣ "ለልጆችሽ ስትይ።"
እኔ ግን "ለልጆችሽ" የሚለውን ቃል
ከልጁ ኮሌታ ላይ አንብቤዋለሁ።

አልመከርኳትም። ምክር የት አለኝ? ያለኝ መርፌ ነው።
እጅጌውን እንዳዘዘችው አስረዘምኩት፤
ከውስጥ፣ ከጎን ስፌቱ ሥር፣ እጅ ካላወቀው የማያገኘው ኪስ አበጀሁ፣
ለመታወቂያ የሚበቃ፣ ለባጃጅ ሒሳብ፣
ቁጥሬ ለተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ።
"ምንድን ነው?" አለች፣ ጣቷ ሲያገኘው።
"ገበር ነው" አልኳት።

ሦስት ሳምንት ዝም።
ነፋሱ ነፈሰ። ባሏ በእድር ስብሰባ ሒሳብ አነበበ፤
ሳንቲም አልጎደለም፤ ተጨበጨበለት፤
እጄ ከሌላው እጅ ጋር አብሮ ሲመታ ሰማሁት።

ዛሬ ጠዋት ኦብሳ ብቻውን መጣ፣
ቀሚሱን በፌስታል ጠቅልሎ፣
ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።
"እማዬ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
"ኪሱ ጠበበን ብላለች።"